የጋራ ሳጥን አንቀጽ

የጂንካ ፖስታ ቤታችን አንዲት ክፍል ነበረች። ተቆጣጣሪው ከመስኮቱ በስተ ውስጥ፣ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኃላፊያችን በስተ ግራው ቆሞ እጁን የደብዳቤ ሚዛኑ ላይ አሳርፏል። የቀበሌው ሊቀመንበር ከመስኮቱ በስተ ውጭ፣ ከሻይ ቤት በተዋሱለት ወንበር ላይ ነው። ሐጂ የፖስታ ሳጥኖቹ የተገጠሙበትን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ሐጂ የምንላቸው በገበያው መግቢያ ላይ ሱቅ የነበራቸውን ነጋዴ ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ ወደ ቱርሚ ጭነት የሚያወርደው ሾፌር ቆሟል። ከእነሱ ወዲያ ሳጥን የተከራዩ የከተማው ሰዎችና ጥቂት መምህራን ተጠጋግተዋል። በሩ ላይ፣ አንድ እግሯ ውጭ፣ ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደባት የአሪ ሴት ነበረች፤ ጎደሬ የያዘ ዘንቢሏን ደጅ አስቀምጣዋለች። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ ከኃላፊው ኋላ በታጠፉ የፖስታ ጆንያዎች ላይ ተቀምጬ ነበር።

የተሰበሰብነው ስለ አንድ ረቂቅ ለመነጋገር ነው። የፖስታ አገልግሎት ዋጋና ቁጥጥር የሚመራበት ሕግ ሊሻሻል ነበር። እስከዚያ የምንሠራበት ታሪፍ ከአብዮቱ በፊት የወጣ ነው፤ አንድ ጆንያ ደብዳቤ ጂንካ ለማድረስ የሚወጣው ወጪና በደብዳቤዎቹ ላይ የተለጠፈው ቴምብር ፈጽሞ አይገናኙም ነበር። ረቂቁ አዲስ አበባ ተጽፎ አልቋል። ከመጽደቁ በፊት ግን የተጠቃሚው ድምፅ ይሰማ ተብሎ ተቆጣጣሪዎች ወደ የክፍለ ሀገሩ ተላኩ። ወደ እኛ የተላከው ሰው በአውሮፕላን ሊመጣ ነበር፤ ዝናብ ዘንቦ የማረፊያው ሜዳ ስለረጠበ ከአርባ ምንጭ በጭነት መኪና መጣ። ረጋ ያለ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ወንበሬ ላይ ከመቀመጡ በፊት ፈቃዴን ጠየቀኝ። ኃላፊያችን በዚህ ተገርሞ አየኝ።

ስብሰባው ለምን ያን ያህል እንደከበደ ለመናገር፣ ደብዳቤ በአገራችን እንዴት ይደርስ እንደነበር መናገር አለብኝ።

በኢትዮጵያ ፖስታ በየቤቱ አይታደልም። ሳጥን ያለው ሰው ደብዳቤው ከሳጥኑ ይገባለታል፤ የሌለው ሳጥን ያለው ሰው ይፈልጋል። ከእኛ በታች በቆላው ያሉት ቱርሚም፣ ወይጦም፣ ሃናም ፖስታ ቤት አልነበራቸውም። ከጂንካ ወጣ ብለው በየቀበሌው የሚኖሩት የአሪ ገበሬዎችም ቢሆኑ ለአንድ ደብዳቤ ብለው ሳጥን አይከራዩም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ለረጅም ጊዜ የሚጠቀመው በወንጌላውያን ጸሎት ቤት ሳጥን ነበር። መንግሥት ጸሎት ቤቱን ባሸገ ጊዜ ሳጥኑም ተዘጋ። በዚያ ቁጥር የመጡትን ደብዳቤዎች ጥቂት ወራት እያሰርን መለስናቸው። ከዚያ መመለሱ እየቀነሰ ሄደ፤ በሐጂ ሳጥን ቁጥር የሚመጣው በዛ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ሐጂ ሙስሊም ናቸው፤ በሳቸው ቁጥር የሚመጡት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ የሚጀምሩ ነበሩ። እሳቸውም፣ ደብዳቤ ሊወስዱ የሚመጡትም ሰዎች በዚህ ነገር ላይ አንዲት ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም።

ሥራው እንዲህ ነበር። አርብ ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሳጥናቸውን ይከፍታሉ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ደብዳቤዎቹን ከጨው ጆንያዎቹ በላይ ባለው ጣውላ ላይ ይደረድሯቸዋል። ከቅርብ የመጣው የራሱንና የጎረቤቱን ይወስዳል። የቱርሚውን ሾፌሩ በመኪናው መሳቢያ ከቶ ይዞ ይወርዳል፤ ቱርሚ ገበያው ሰኞ ነው። የሃናውን ደግሞ ወደዚያ የሚሄድ የመንግሥት መኪና እስኪገኝ ያቆዩታል። ለዚህ ሁሉ ከማንም ምንም አይቀበሉም። ለደብዳቤ የመጣ ሰው ጨው ሳይገዛ አይመለስም ይሉ ነበር።

በሩ ላይ የቆመችው ሴት በየቅዳሜው ትመጣ ነበር። ልጇ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በየጊዜው ከሌላ ቦታ፣ በሌላ የጦር ክፍል ቁጥር የተላኩ ናቸው። መልስ ስትልክ አንዳንዱ ተመልሶ ይመጣል፤ እሱ ከዚያ ተነሥቷልና። ስለዚህ እሷ ልጇ የት እንዳለ አታውቅም፤ ልጇ ግን አንድ ነገር ያውቃል፤ የሐጂን ሳጥን ቁጥር። ከመሄዱ በፊት በቃሉ ያጠናው እሱን ነው። ረቂቁ ምን እንደሚል ከኃላፊያችን ሰምቼ ስለነበር ከስብሰባው በፊት በነበረው ሳምንት ነገርኳት፤ አንድ ሳጥን ለአንድ ተከራይ ብቻ ይሆናል፣ በሌላ ሰው ሳጥን የመጣ ደብዳቤ ይመለሳል አልኳት። ሰማችኝና ወደ ሐጂ ሱቅ ሄደች። ሐጂ ምን እንዳሏት ኋላ ነው የሰማሁት። ከስብሰባው ቅሪ፣ ብትመጪም አፍሽን ያዥ ብለዋታል። የሰው ደብዳቤ ያለ ፈቃድ የሚያመላልስ ይቀጣል የሚል ሌላ አንቀጽ እንዳለ እሳቸውም ሰምተው ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ የታሸገው ጸሎት ቤት ሰዎች በማን በኩል እንደሚጻጻፉ ቀበሌው መጠያየቅ ጀምሮ ነበር።

ተቆጣጣሪው ረቂቁን ማንበብ የጀመረው ከዋጋው ነው። ደብዳቤ ከአዲስ አበባ የትም ይሂድ የትም ዋጋው አንድ ሆኖ ይቀጥላል፤ ነገር ግን ከፍ ይላል። ጥቅል ዕቃ እንደ ርቀቱ ይከፈልበታል። አንድ መምህር ለትምህርት ቤት የሚላክ መጽሐፍ እንደ ጥቅል ይቆጠራል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ተቆጣጣሪው ማስታወሻ ያዘ። ሾፌሩ ከጥግ ሆኖ፣ እሱ ሲሚንቶ ሲጭን በኪሎ ሜትር እንደሚጠየቅ ተናገረና፣ ደብዳቤ ብቻ ነው እንዴ መንገድ የማይቆጠርበት አለ።

ሐጂ ወደ እሱ ሳይዞሩ፣ «አንተ ደብዳቤ ብትሆን ወይጦ ሳትደርስ ትቀደድ ነበር» አሉት።

ሰው ሳቀ። ተቆጣጣሪውም ፈገግ አለ። ሾፌሩ፣ ሐጂ ራሳቸው ደብዳቤ ቢሆኑ ቴምብሩ የሚለጠፍበት ቦታ እንደማይታጣ ተናገረ፤ ሐጂ ወፍራም ሰው ነበሩ። እስከዚህ ድረስ ስብሰባው ደኅና ነበር።

ቀጥሎ ቁጥጥሩ ተነበበ። በየቅርንጫፉ የሚቀርበው አቤቱታ እስካሁን የሚያልቀው እዚያው ቅርንጫፍ ነበር። ከእንግዲህ ተጠቃሚ የሚወከልበት ቦርድ ይኖራል፤ ሠራተኛ ደንብ ሲተላለፍም ጉዳዩ በኃላፊው አይሸፈንም፣ ወደ ቦርዱ ይቀርባል። ኃላፊያችን ይህን ሲሰማ እጁን ከሚዛኑ ላይ አነሣ።

ከዚያ የሳጥኑ ነገር መጣ። አንድ ሳጥን ለአንድ ተከራይና ለቤተሰቡ ብቻ ያገለግላል ይላል አንቀጹ። ከሥሩ ግን አንድ ነገር ተጨምሯል። ፖስታ ቤት በሌለበት አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች በሚቀርባቸው ቅርንጫፍ የጋራ ሳጥን በቅናሽ ይከፈታል፤ ይህም የሚሆነው ተጠቃሚ መኖሩ በስብሰባ ሲረጋገጥ ነው። ተቆጣጣሪው ይህን ሁለት ጊዜ አነበበው። ይህን የጨመሩት የሱ ክፍል ሰዎች እንደሆኑና አንዳንድ የበላዮች ይሰረዝ እንደሚሉም ነገረን። ወረቀቱን አስቀመጠና፣ በሌላ ሰው ሳጥን ደብዳቤ የምትቀበሉ እጃችሁን አውጡ አለ።

ማንም አላወጣም።

እሱ እጅ አውጡ ያለው ለመቁጠር ነው። በጂንካ በዚያን ዘመን እጅ የሚወጣው ግን ለመዋጮ ነበር፤ ካልሆነም ሊቀመንበሩ ሲያወጣ ተከትሎ ነው። ቀድሞ እጁን ያወጣ ሰው ስሙ ይመዘገባል፤ ስሙ ለምን እንደተመዘገበ የሚያውቀው ግን ውሎ አድሮ ነው። ስለዚህ ሁሉም የሊቀመንበሩን እጅ አየ። የሊቀመንበሩ እጅ ጉልበቱ ላይ ነበር። ቀበሌው የራሱ ሳጥን አለው፤ እሱ እጁን የሚያወጣበት ምክንያት የለም። ከቆሙት ሰዎች ውስጥ ባለፈው ቅዳሜ ከሐጂ ጣውላ ላይ ደብዳቤ ሲወስዱ በዓይኔ ያየኋቸው ነበሩ። አንዱ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ይመረምር ጀመር።

ተቆጣጣሪው ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጻፊ። በጂንካ ቅርንጫፍ የጋራ ሳጥን ተጠቃሚ አልቀረበም» አለኝ።

እኔ አልጻፍኩም። «ተጠቃሚ አለ» አልኩት።

ኃላፊው ዞሮ አየኝ። ተቆጣጣሪው የት እንዳለ ጠየቀኝ። ደብዳቤ የምለየው እኔ ስለሆንኩ በየሳምንቱ እንደማይ ነገርኩት። በማን ሳጥን ብሎ ሲጠይቀኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰደው መሰለኝ፤ አልተቆጣም። ሠራተኛ እንደሆንኩ፣ ረቂቁ ግን ተጠቃሚ ራሱ ይናገር እንደሚል አስረዳኝ።

«አንድ ሰው ይበቃኛል» አለ። «ግን ከዚያ በኩል ይሁን»። በእርሳሱ ከመስኮቱ ወዲያ አመለከተ።

ሐጂ ወለሉን ያያሉ። ሾፌሩ አሁን አልቀለደም። በሩ ላይ የነበረችው ሴት ውጭ የቀረውን እግሯን አስገባች።

«አንተ ከሩቅ መጣህ» አለችው። «እኔ ልጠይቅህ»።

በአማርኛዋ ውስጥ እርስዎ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ለሁሉም ሰው አንተ ነበር። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ተቆጣጣሪው ጠይቂ እናቴ አላት።

«ሳጥን ስትዘጉ የልጄ ወረቀት የት ይሄዳል?»

ወደ ላኪው እንደሚመለስ ነገራት።

«ላኪው የት አለ?»

«እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ እናቴ።»

«እኔ አላውቅም። ዛሬ እዚህ ያድራል፣ ነገ እዚያ ይወስዱታል። እሱ የሚያውቀው የዚህን ቤት ቁጥር ነው። ሌላ አያውቅም።»

ሊቀመንበሩ፣ ወታደር ያለበት ቦታ በስብሰባ ላይ እንደማይነገር አሳሰባት። አላውቅም ነው ያልኩት፣ ታዲያ ምን ነገርኩ አለችው። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀና ወዲያው ዝም አለ።

ተቆጣጣሪው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ ቀጥሎ የሚጠየቀው ነገር አንድ ብቻ ስለነበር እሱን ጠየቀ። እስካሁን ወረቀትሽን ከማን ትቀበያለሽ አላት።

ሐጂን አላየችም። ማንንም አላየችም። እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ከእሷ» አለች። «ከመንግሥት ሴትዮ»።

እኔ ለዚህች ሴት አንድም ቀን በእጄ ደብዳቤ ሰጥቻት አላውቅም። ሳጥን ለሌለው ሰው ደብዳቤ በእጅ መስጠት በቀድሞውም ደንብ የተከለከለ ነበር፤ በአዲሱ ረቂቅ ደግሞ ቦርድ ፊት የሚያስቀርብ ነው። ይህን የክፍሉ ሰው ሁሉ አሁን ሰምቶታል። እሷም ሰምታለች፤ የተረዳችው ግን በራሷ መንገድ ነው። በኋላ ለሐጂ ስትነግራቸው ሾፌሩ ሰምቶ እንደነገረኝ ነገሩ እንዲህ ነበር። ነጋዴ ሲታሰር አይታለች። ጸሎት ቤት ሲታሸግ አይታለች። የመንግሥት ሰው በመንግሥት ሲጎዳ ግን አላየችም። ስም መጥራት ግዴታ ከሆነ ምንም የማይደርስበትን ሰው እጠራለሁ ብላ እኔን መረጠች። ለሐጂ ይህን ስትነግራቸው ደስ እያላት ነበር አለኝ።

ኃላፊው፣ ይህ በቅርንጫፋችን አይደረግም ብሎ ተናገረ፤ ድምፁ ከፍ ያለ ነበር። ተቆጣጣሪው ወደ እሱ አልዞረም። እኔን ጠየቀኝ።

«እውነት ነው?»

አይደለም ብል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታዲያ ከማን ነው የሚል ነው። መልሱም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አይደለም ብዬ ዝም ብል ደግሞ ሴትዮዋ ውሸታም ትሆናለች፤ ተጠቃሚም አልቀረበም ይባላል።

«አዎ» አልኩ።

«ስንት ጊዜ?»

«ደብዳቤ በመጣላት ቁጥር።»

ተቆጣጣሪው ሐጂን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። የገባው ይመስለኛል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ጻፊ አለኝ። የጋራ ሳጥን ተጠቃሚ መቅረቧን ጻፍኩ። ከሥሩም፣ የቅርንጫፉ ሠራተኛ ከሳጥን ውጭ ደብዳቤ ትሰጥ እንደነበር አምናለች ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ ደስ አላለውም፤ ሆኖም ነገሩ የፖስታ ቤቱ የውስጥ ጉዳይ ሆኖ ስለነበር የሚይዘው ነገር አጣ። ወንበሩን ለሻይ ቤቱ እንዲመልሱለት ነግሮ ተነሣ። ከዚያ በኋላ እጆች ወጡ። የመጀመሪያዋ ሰው ስለተናገረችና ምንም ስላልሆነች፣ ኮፍያውን ይመረምር የነበረውም ሳይቀር እጁን አወጣ። ሁሉም ደብዳቤ የሚቀበሉት ከእኔ እንደሆነ ተናገሩ። ያንንም ጻፍኩ።

ሰው ሲወጣ ሐጂ ቀሩ። መስኮቱ ላይ ክንዳቸውን አሳረፉ።

«ልጄ፣ እኔ ልናገር ነበር» አሉኝ።

«አውቃለሁ ሐጂ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ» አሉ። «አልናገርም ነበር»።

ይህን ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ እስከሞቱ ድረስ ስለዚያ ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። እኔም እንዲያነሡ አልፈለግሁም።

ሕጉ ጊዜ ወስዶ ወጣ። የቴምብሩ ዋጋ ጨመረ፤ ሰው ለጥቂት ጊዜ አጉረመረመና ለመደው። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ከጥቅል ተለይቶ በዝቅተኛ ዋጋ እንዲሄድ ተደረገ፤ የመምህሩ ጥያቄ ይሁን የሌላ ቦታ ሰው ጥያቄ አላውቅም። የጋራ ሳጥኑ አንቀጽ አልተሰረዘም፤ እንዳለ ጸደቀ። በቅርንጫፋችን ከታችኛው ረድፍ አንድ ትልቅ ሳጥን ለዚሁ ተከፈተ፤ የቁልፉ ኃላፊ እንዲሆኑ ተጠቃሚዎቹ ሐጂን መረጡ። የሳጥኑ ቁጥር ያው የሐጂ የቀድሞ ቁጥር እንዲሆን ተቆጣጣሪው አስቀድሞ በደብዳቤ አሳስቦ ነበር፤ ወታደሩ ልጅ ሌላ ቁጥር መማር አላስፈለገውም። ሾፌሩ በውል ሥራ ተሰጠው፤ ደብዳቤውን በመሳቢያ ሳይሆን በታሸገ ጆንያ እያወረደ፣ የመንግሥት ሰው ሆኛለሁ እያለ ከሐጂ ጋር ይሟገት ነበር።

የቁጥጥሩም አንቀጽ ጸደቀ። በቅርንጫፋችን መጀመሪያ የታየው ጉዳይ የእኔ ነው። ቦርዱ ፊት መቅረብ አላስፈለገኝም፤ ቃለ ጉባኤው ነበራቸው። ከመስኮት ሥራ ታግጄ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ደብዳቤ መለያው ክፍል እንድዛወር ተወሰነ። ኃላፊው ውሳኔውን ሲሰጠኝ፣ ማስጠንቀቂያ ይበቃታል ብሎ ጽፎ እንደነበር ነገረኝ። አመሰገንኩት። ጂንካ ተወልጄ ያደግሁባት ናት፤ ከትምህርት ዓመታት በቀር ከዚያ ወጥቼ አላውቅም። አባቴ ያን ጊዜ ዓይኑ ደክሞ ነበር። እኅቴ ትይዘዋለች ተባለ፤ ያዘችውም። በሞተ ጊዜ እኔ አርባ ምንጭ ነበርኩ፣ መንገዱም በጎርፍ ተቆርጦ ነበር።

የሄድኩት ቅዳሜ ቀን ነው። ጠዋት ማኅተሙንና ቴምብሩን ለሚተካኝ ልጅ አስረከብኩ። የአርባ ምንጩ መኪና ደጅ ቆሟል፤ ሻንጣዬን ከላይ ጭነውልኛል። ስወጣ ያቺ ሴት በሩ ላይ አገኘችኝ። ከሐጂ የተቀበለችውን ደብዳቤ ገና ሳታስነብበው በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። ሻንጣዬን አየችና፣ ከዚያ እኔን አየች።

«መንግሥት ዕረፍት ሰጠሽ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ደግ ነው» አለች። «መንግሥት የራሱን ሰው አይጎዳም ብዬ ነበር»።

ጨበጥኳትና ወደ መኪናው ሄድኩ።